ያለ ጉዳይ አዲስ አበባ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ መምህርት። እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ነው የምንኖረው። እኔ አናጺ ነኝ፣ እሷ ልብስ ሰፊ ናት። በመጪው ጥር ከተጋባን 10 ዓመት ይሞላናል። አዲስ አበባን የምናውቃት በመርካቶና በሆስፒታል ብቻ ነው። እሷ ለክርና ለዚፕ ትሄዳለች፣ እኔ ለማጠፊያና ለቁልፍ እሄዳለሁ። እናቴ ስትታመም ደግሞ ሆስፒታል በር ላይ ሰንብተናል። ሙዚየም የሚባል ነገር ግን ገብተን አናውቅም። አሁን ልጆቹን አያታቸው ጋ ትተን፣ አንድ ቅዳሜ ለብቻችን ሄደን፣ ዞር ዞር ብለን አይተን፣ ጥሩ ነገር በልተን ማታ ለመመለስ አስበናል። ጓደኞቼ እንጦጦ፣ አንድነት ፓርክ፣ የዓድዋ ሙዚየም፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ቦሌ እያሉ ረጅም ዝርዝር ሰጥተውኛል። በአንድ ቀን ይዳረሳል? ምንስ ብንበላ ይሻላል?

መልስ፦ ልጆቼ፣ እንኳን ለ10ኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ። ደብዳቤያችሁን ሳነብ ልቤ ተነካ። የኛ አገር ሰው አዲስ አበባን የሚያውቃት እናንተ እንዳላችሁት ነው። ወይ ታሞ፣ ወይ ዕቃ ሊገዛ፣ ወይ ፋይል ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት። ከተማዋ ከኛ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው። ግን ስንቱ ሰው ነው አንድ ቀን እንኳ ያለ ጉዳይ ሄዶ የሚያውቀው?

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። በዚያ ቀን ምንም ጉዳይ እንዳትይዙ። «እግረ መንገዳችንን መርካቶ ብቅ እንበል» ብሎ ነገር የለም። ዚፑም ማጠፊያውም ለሌላ ቀን ይቆይ። መርካቶ ቅዳሜ ከገባችሁ ቀኑ እዚያው ያልቃል።

ዝርዝሩ በአንድ ቀን አይዳረስም። እንጦጦ ላይ ተወጥቶ፣ አንድነት ፓርክ ተገብቶ፣ የዓድዋ ሙዚየም ታይቶ፣ ቦሌ ተወርዶ የሚመለስ ሰው ያየው ነገር የታክሲ መስኮት ነው። አንድነት ፓርክ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እንደዚሁ ነው፤ ልጆቹን ይዛችሁ በሌላ ጊዜ ብትሄዱበት ይሻላል። ለእናንተ የምመርጠው አንድ መንገድ ነው። ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ፣ በአምስት ኪሎ አድርጋችሁ፣ ስድስት ኪሎ ድረስ። በእግር የሚኬድ ነው። ትንሽ ዳገት አለው፣ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ግን ምንም አይደለም። ታክሲ ጥበቃ የለ፣ ግፊያ የለ፤ እያወራችሁ ትሄዳላችሁ። ሁለት ሙዚየም፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት ሐውልት ታያላችሁ። ለአንድ ቀን ይበቃል።

ቀኑን ስትመርጡ ጥምቀትን አስቡበት። ከጥር 10 እስከ 12 ባለው ጊዜ ጃን ሜዳ ታቦት ስለሚያድር የስድስት ኪሎ አካባቢ መንገዱ ይዘጋል፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ጥምቀትን ለማየት ከሆነ እሰየው፣ ከዚያ የበለጠ ነገር የለም። ሙዚየም ለማየት ከሆነ ግን ከበዓሉ ቀደም ወይም ዘግየት በሉ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ብትገኙ ጥሩ ነው። የጥር ውርጭ እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ጋቢም ጃኬትም ደርቡ። አዲስ አበባ ስትደርሱ ፀሐዩ ሞቅ ስለሚል የሚይዘው ቦርሳ ይኑራችሁ። በዚያው የመንገዱን ሁኔታ ሹፌሮቹን ጠይቁ። ሰላም ከሆነ ተነሱ፣ ካልሆነ ቅዳሜ ሌላም ጊዜ ይመጣል።

ጉብኝቱ እኮ ከመኪናው ይጀምራል። ጫጫ ስትደርሱ አትተኙ። እዚያው አካባቢ ነው አንጎለላ። ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም የተወለዱት አንጎለላ ነው። በአንጎለላና በአንኮበር ያደገው ልጅ ነው በኋላ እንጦጦ ላይ የከተመው። ከእንጦጦ ሥር ፍል ውሃው ዘንድ እቴጌ ጣይቱ ቤት አሠርተው «አዲስ አበባ» ያሏትም በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እናንተ የምትሄዱት እንግዳ አገር አይደለም። የሸዋ ቤተ መንግሥት ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ሲወርድ የሄደበትን መንገድ ነው የምትከተሉት። ሼኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን፣ ለገጣፎን አልፋችሁ ላምበረት መናኸሪያ ትወርዳላችሁ። ከዚያ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ የሚጣራ ረዳት አታጡም።

አራት ኪሎ እንደወረዳችሁ ቁርስ ብሉ። በባዶ ሆድ ሙዚየም አይገባም። ፉል ወይም እንቁላል ፍርፍር በትኩስ ዳቦ፣ ከላዩ ማኪያቶ። አደባባዩ መሐል ያለውን ሐውልት ሳታዩት እንዳታልፉ። የሚያዝያ 27 ሐውልት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ነው።

ከዚያ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቡ። ውስጥ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር አለ፣ ከግራናይት ድንጋይ የተጠረበ። ንጉሡ እዚያ ያረፉት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ አስከሬናቸው ብዙ ተንከራትቷል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ደርግ በአንድ ሌሊት የረሸናቸው የ60ዎቹ ባለሥልጣናት መታሰቢያ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ነበር። ይቺን ቀን በቃላችሁ ያዙልኝ፣ ትንሽ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

ቀጥላችሁ ወደ አምስት ኪሎ ወጣ በሉ። ብሔራዊ ሙዚየም መንገዱ ዳር ነው። በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ። ዝርዝር ብርም አይጥፋ።

እንደገባችሁ መጀመሪያ ወደ ታች ውረዱ፣ ወደ ምድር ቤቱ። ድንቅነሽ እዚያ ናት። አንዷ ተጋድማለች፣ ሌላዋ ቆማለች። ሁለቱም የዋናው ቅሪት ቅጂ ናቸው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ቅር ይለዋል። ቅር አይበላችሁ። አጥንቱ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት የኖረ ነው፤ በየቀኑ መብራትና ትንፋሽ ሊመላለስበት አይገባም።

አሁን ባለቤትህን ከቆመችው ድንቅነሽ አጠገብ አቁማት። ቁመቷ አንድ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ የባለቤትህን ወገብ ታልፍ ይሆናል እንጂ ትከሻዋ ላይ አትደርስም። እጇ ረዘም ያለ ነው፤ ዳሌዋንና ጉልበቷን ብታዩ ግን እንደኛ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሊቃውንቱን ያስደነቃቸውም እሱ ነው። የተገኘችው አፋር ሐዳር ላይ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም። አያችሁት? ቅድም ካቴድራሉ ግቢ ያያችኋቸው ሰዎች በተረሸኑ ማግስት ማለት ነው። አዲስ አበባ ሬዲዮ ከፍታ ስትደነግጥ በዋለችበት ቀን፣ አፋር በረሃ ላይ ሰዎች ጎንበስ ብለው ከአፈር ላይ አጥንት ይለቅሙ ነበር። ተማሪዎቼን በወሰድኩ ቁጥር ይሄን እነግራቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ ጸጥ ይላሉ።

ከእሷ በዕድሜ የምትበልጠው ሕፃኗ ሰላም ናት። ዲኪካ ላይ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ነው ያገኛት። 3 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል። ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ገደማ ነበረች። ልጆች ስላላችሁ እሷ ዘንድ ትንሽ መቆማችሁ አይቀርም።

ወደ ላይ ስትወጡ የየራሳችሁን ሙያ ታገኛላችሁ። አናጺው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ፊት ቆም በል። ትልቅ፣ ከእንጨት የተፈለፈለ ዙፋን ነው። ሌላው ሰው የንጉሥ ወንበር ብሎ ያልፈዋል። አንተ ግን መገጣጠሚያውን፣ ፍልፍሉን፣ አንዱ እግር ከሌላው ጋር ልክ መሆን አለመሆኑን ታያለህ። ባለቤትህ ደግሞ የነገሥታቱን ልብስ ትይ። ካባውን፣ የወርቅ ክሩን፣ ጥልፉ በጨርቁ ላይ እንዴት እንደተያዘ። በእጅ የተሠራ ነው። ስፌት የማያውቅ ሰው የማያየውን እሷ ታየዋለች። እባካችሁ አትቸኩሉ። አስጎብኚው ቢቸኩል እንኳ እናንተ ቆዩ።

ቀጥሎ ሥዕሎቹ ናቸው። እዚያ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሥራ ፈልጉ። አፈወርቅ የኛው ልጅ ነው፣ በ1925 ዓ.ም አንኮበር የተወለደ። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን ትልቁን የመስታወት ሥዕል የሠራው እሱ ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያን ሳታዩ ብትመለሱም የብሩሹን ሥራ በብሔራዊ ሙዚየም ማየት ትችላላችሁ። ከአንኮበር ጉም ውስጥ የወጣ ልጅ ብርሃንንና ቀለምን እንዲህ መያዙ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ ይርባችኋል። አሁን ምሳ።

ስለ ምግቡ አቋሜን ልንገራችሁ። የበግ ጥብስ እንዳታዙ። የመንዝን በግ እቤቱ ትቶ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ላይ በግ መፈለግ የለበትም። እቤት የማታገኙትን ብሉ። ለ10ኛ ዓመት በዓል ክትፎ ይገባችኋል። ጥሩ ክትፎ ቤት ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ «ጥሩ ክትፎ የት ነው?» ብሎ ሰው መጠየቅ አያሳፍርም፣ ሁሉም የራሱ ቤት አለው። ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ ይሏችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለብለብ በሉ። ቅቤውና ሚጥሚጣው ሳይጠፋ፣ ሥጋው እሳት ነክቶት ይመጣል። በጣባ ሆኖ፣ ከጎኑ አይብና ጎመን፣ ከእንሰት የተሠራ ቆጮ። ቆጮውን ከለመዳችሁት እንጀራ ጋር አታወዳድሩት። በትንሹ ቁረሱ፣ ክትፎውን ያዙበት፣ ቀስ ብላችሁ አኝኩ። የቅቤውን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ቅቤው ላይ የኮሰረት ሽታ ከሌለ ክትፎው ጎደሎ ነው ባይ ነኝ።

ዋጋ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ለሁለት ሰው አንድ ስፔሻል ይበቃል። ብር ካጠራችሁ ደግሞ አትጨነቁ። አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ የተማሪ ሰፈር ነው፤ ሽሮውም፣ ተጋቢኖውም፣ በያይነቱውም እየተንተከተከ ይመጣል፣ ኪስም አይጎዳም። ቅዳሜ መሄዳችሁ ለክትፎው ተስማሚ ነው። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ጾም ነው።

ከምሳ በኋላ ስድስት ኪሎ። ዩኒቨርሲቲው ከመግባታችሁ በፊት አደባባዩ ላይ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ዙሩት። ዙሪያውን በቅርጽ የተሠራውን እዩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ቦታው አሁን ዩኒቨርሲቲው ያለበት ቤተ መንግሥት ነበር። ከዚያ በኋላ ጣሊያን ለሦስት ቀን ሕዝቡን ፈጀ። ይሄን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው የኛ አገር ድርሻ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ከዚያ 129 ዲያቆናት በመኪና ተጭነው ደብረ ብርሃን መጡ። እኛው ከተማ አቅራቢያ፣ እንገጫ ላይ፣ ተገደሉ። ቁጥሩ የግራዚያኒ የራሱ ቁጥር ነው። ስለዚህ ያ ሐውልት የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ የኛም ነው። እዚያ ስትቆሙ እነዚያን ልጆች አስቧቸው። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ።

በዩኒቨርሲቲው በር መታወቂያ አሳይታችሁ ግቡ። ሙዚየሙ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ ነው። ሕንፃው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሡ በ1954 ዓ.ም ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ከፊት ለፊቱ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ታያላችሁ። ፋሺስቶቹ ናቸው የሠሩት፤ ለያንዳንዱ የአገዛዛቸው ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። በዚያ ፊት ፎቶ ተነሱ።

እኔ ከሁለቱ ሙዚየሞች የምወደው ይሄንን ነው። ዕቃው የተደረደረው በዘመን ወይም በክፍለ ሀገር አይደለም። በሰው ዕድሜ ነው። ከልደትና ከልጅነት ይጀምራል፣ ወደ ጉልምስና ይሄዳል፣ ሞት ላይ ይደርሳል። የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የአፋሩ፣ የደቡቡ ሕዝብ ልጅ እንዴት እንደሚያሳድግ፣ እንዴት እንደሚያርስ፣ እንዴት እንደሚያገባ፣ እንዴት እንደሚቀብር ጎን ለጎን ታያላችሁ። 10 ዓመት አብሮ ለኖረ ባልና ሚስት ከዚህ የተሻለ ሙዚየም የለም።

የሙዚቃ መሣሪያዎቹን አትለፉ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የመንዝ ሰው ነበር። አባቱ በጾም ወራት በገና ይደረድሩ ነበር። እዚያ አብረን የሄድን ጊዜ ከበገናው ፊት አልነቃነቅ አለኝ። ጣቶቹን ሱሪው ላይ ያንቀሳቅስ ነበር፣ አባቱ በየትኛው ጣት የትኛውን አውታር ይመቱ እንደነበር እያስታወሰ። በገና አሥር አውታር ነው ያለው። ሌላው ጎብኚ አልፎን ሄደ፣ ጥበቃውም ዞር ብሎ አየን። እኔም ዝም ብዬ አጠገቡ ቆምኩ። እናንተም እንዲህ ዓይነት ነገር ከገጠማችሁ አትጠራሩ፣ «ና እንሂድ» አትባባሉ። አንዱ የሚያየውን ሌላው ይጠብቀው።

የንጉሡና የንግሥቲቱ መኝታ ክፍሎችም እዚያው አሉ፤ መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር። ይሄ ቤት ደም ፈሶበታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በነበረው መፈንቅለ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩት ሹማምንት የተገደሉት እዚህ ነው። ከነሱ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። በጣሊያን ዘመን አምስቱንም ዓመት በሸዋ ዱር የተዋጉት፣ አያቶቻችን ስማቸውን ጠርተው የማይጠግቡት አበበ አረጋይ። ጣሊያን ያላገኛቸው ሰው በዚያ ሳሎን ወደቁ። ይሄን አውቆ በዚያ ቤት ውስጥ መራመድና ሳያውቁ መራመድ አንድ አይደለም።

ሲመሽ ቡና ጠጡ። ስኒው ላይ ጨዋታችሁን ጨርሱ። ግን ከ11 ሰዓት በፊት ላምበረት ድረሱ፣ ቅዳሜ ማታ ወረፋው ይረዝማል። ከደከማችሁ ራይድ የሚባለውን ታክሲ በስልክ ጥሩ።

---

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ከመሐል ሜዳ ነኝ። በቅርቡ ነው ያገባሁት። ባለቤቴን አዲስ አበባ ሙዚየም እንይ ስለው «ሙዚየም የፈረንጅ ነው፣ የድሮ ዕቃ እኛ ቤት ሞልቷል» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጄ፣ ባልሽ ግማሹን እውነት ተናግሯል። እናንተ ቤት ያለው ባና፣ እናቱ የፈተሉት ሱፍ፣ አባቱ የለበሱት በርኖስ ሙዚየም ቢገባ የሚያንስ አይደለም። ይሄንን ንገሪው፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ «ታዲያ የሌላውስ ሕዝብ ቤት ምን አለ? አብረን እንይ» በይው። ስድስት ኪሎ ውሰጂው። የበርኖስ አገር ልጅ የሌላውን አገር ሸማኔ ሥራ ሲያይ ዝም አይልም፤ ያወዳድራል፣ ይከራከራል። አንዴ መከራከር ከጀመረ ለመውጣት የምትለምኚው አንቺ ነሽ።

ከመሐል ሜዳ ግን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞከርም። ከአዲስ አበባ በጣም ሩቅ ናችሁ። ደብረ ብርሃን እደሩ፣ ጠዋት ተነሱ፣ ማታም ተመልሳችሁ እዚሁ እደሩ። አዲስ አበባ ከማደር አልጋውም ይረክሳል፣ እንቅልፉም ይሻላል።

---

ጥያቄ፦ እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። ሁልጊዜ ስለ አዲስ አበባ ይጻፋል። ዋና ከተማ እኮ መጀመሪያ እኛ ዘንድ ነበር። ለባልና ሚስት አንኮበር ምን አንሶት ነው?

መልስ፦ ምንም አላነሰውም። እንዲያውም ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። የአዲስ አበባውን ጉዞ የጨረሱ ጥንዶች ቀጣዩን ቅዳሜያቸውን አንኮበር ላይ ቢያደርጉት ታሪኩ ይሟላላቸዋል።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙት ከዚያ ነው። በ1830ዎቹ የእንግሊዝ መልእክተኞች ስጦታ ጭነው፣ ከባሕር ጠረፍ በአፋር በረሃ አቋርጠው የመጡት ወደ እሳቸው ነው። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ውጡ፣ ከጫፉ ወደ ምሥራቅ እዩ። መሬቱ ድንገት ይቆረጣል፣ ቆላው ወደ አፋር ይዘረጋል። ሥር ያለው አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበር። ጨው ከቆላ ይወጣል፣ ቡናና ጨርቅ ይለዋወጣል። ያን ገደል ስታዩ ነገሥታቱ ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ጠላት በቀላሉ አይወጣበትም፣ ነጋዴ ግን ሳይከፍል አያልፍበትም።

ወፍ የሚወድ ሰው ካለ መነጽር ይያዝ። በአንኮበር ስም የተሰየመች፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ወፍ አለች፤ በገደሉ አፋፍ አካባቢ ሳር ውስጥ ትታያለች።

ጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከቆላ ተነስቶ ኮረብታውን ይሸፍነዋል፣ ያኔ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንኳ በደንብ አታዩም። ምሳ ከቤት ቋጥራችሁ ያዙ። ጠጠር ያለበት ዳገት ስለሆነ ሽፍን ጫማ አድርጉ፤ የአገሩን ልጅ መንገድ እንዲመራችሁ ጠይቁ፣ ለድካሙም ስጡት።